እማን ለማሳረፍ ያሠራሁት በር

ቆቦ ውስጥ ቤታችን የት እንደሆነ አልነግራችሁም። ምን አደከመኝ? አልፋችሁበታል። ከአስፋልቱ ወደ ገበያው ስትቆርጡ፣ በሁለት ፎቆች መሃል ለብቻዋ የቀረች ባለቆርቆሮ ጭቃ ቤት አለች። ደጃፏ ላይ የኒም ዛፍ፣ ኒሙ ሥር አንዲት ሴት። ሴትዮዋ እናቴ ናት። ሰላም ብላችኋት መልሳላችኋለች።

ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። ግራና ቀኛችንን ፎቆቹ ይዘውታል፤ ፊትና ኋላው ግን ክፍት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በግቢያችን ያቋርጣል። አምና እማን ጉልበቷን ሲያማት ሐኪሙ "ዕረፍት ያስፈልጋታል" አለኝ። ዕረፍት ከየት ይምጣ? የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁት የለ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ማሽላው ሳይጠየቅ አያልቅም።

እኔ ደግሞ ሳልቆጥር አላምንም። ደጃፍ ተቀምጬ ስቆጥር ዋልኩ። መቶ አርባ ሦስት ሰውና ሁለት ግመል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በማግሥቱ ደገምኩት። መቶ አርባ አንድ። ግመሎቹ ያው ሁለት ናቸው። እማ ለሁሉም መልሳለች፤ አፋሩን ባለግመልማ የግመሎቹን ጤና ሳይቀር ጠይቃዋለች።

ጎብዬ ላለ በያጅ የላሜራ በር አዘዝኩ። ስፋቱን ሦስት ጊዜ ለካሁ። በገበያው በኩል አስገጠምኩና ዘጋሁት። አንዱ ጫፍ ከተዘጋ አቋራጭ የለም። ተሳሳትኩ?

የመጀመሪያውን ቀን ግቢው ጭር አለ። እማ በሩን አየችው። በሁለተኛው ቀን "የማንን ለቅሶ ነው የተቀመጥኩት?" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳዋን ሳትነካ መለሰችው። እዚህ ላይ ፈራሁ። የማሳርፋት መስሎኝ ልገድላት ነው እንዴ?

በአራተኛው ቀን የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ዳኛ ሼህ እንድሪስ በአስፋልቱ ዞረው መጡ። ቅቤ ነጋዴዋ አደይ ለተብርሃን ከኋላቸው ነበሩ። ገና ሳይቀመጡ፣

"ወይ ጉድ! እናትህን በቁሟ ቀበርካት!" አሉኝ አደይ።

የቆጠርኩበትን ደብተር አውጥቼ አስረዳሁ። ሼህ እንድሪስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ማሻ አላህ፣ ጥሩ ቆጥረሃል። እንግዲህ ይኼንንም ቁጠር" አሉ። "እስከዛሬ እያለፍን ስለምናያት ደኅና ናት እንል ነበር። በር ከተዘጋባት ግን ተኝታለች ማለት ነው። የተኛን ሰው ደግሞ ቅሬው ቤት ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠይቅ። ከነገ ጀምሮ በተራ እንመጣለን። ስንት ወንበር አላችሁ?"

አሰብኩት። ሦስት ወንበርና አንድ መደብ። መፍቻ አምጥቼ በሩን በገዛ እጄ ነቀልኩት።

መቃኑ ግን በሲሚንቶ ስለተያዘ አልነቀል አለ። ታዲያ ስንት ዘመን ዘው ብሎ ሲያልፍ የኖረ ሰው፣ አሁን በር የሌለው መቃን ሥር ቆሞ "ቤቶች!" ይላል። እማ "ማነው? ግቡ!" ካላለች ንቅንቅ የለም። ባለግመሉ እንኳ ይቆማል። እሷም ማን እንደሆነ ለማየት ብድግ ትላለች፤ እስከ መቃኑ ሄዳ ትቀበላለች፤ ከዚያ ሰላምታው ከልጆቹ ይጀምራል። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ ትበላለች።

ባለፈው ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። ጉልበቷን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ተገረመ።

"አየህ?" አለኝ። "ዕረፍትን የመሰለ መድኃኒት የለም።"