ለፊልሙ ሰውዬ የተደረገ ዱዓ

ለፊልም ሰው እንባው የሚቀርብ ጎረቤት አላችሁ? እኛ ሰፈር፣ ወሎ ሆጤ ብቅ በሉ፣ እኔ ሞልቶኛል።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ዘውዴ ቤት ዲቪዲ ሊታይ ሲባል ልጄን ሀያትን ይዤ ሄድኩ። ሀያት ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ግን ጫጫታ ሲበዛባት ጆሮዋን ትይዛለች፣ የሰማችውን ትደጋግማለች። ሰው ፊት ሳወጣት እሳቀቃለሁ።

የፊልሙ ሰውዬም ቁርጥ እሷን ነው። ሰው አገር ተሰዶ፣ "እስላም ነህ፣ ታስፈራለህ" ብለው አሰሩት። ቤቱ በለቅሶ ታመሰላችሁ!

"ምን ዓይነት ጨካኝ አገር ነው! እኛ ወሎዬዎች እንኳ ሰው በሃይማኖቱ አንለይም!" አለች ዘውዴ፤ ለገብርኤል ጧፍ ተሳለችለት። አብረውን የሚያዩት ጎረቤታችን ሼህ ይመር ደግሞ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፣ "አላህ ከእስር ያውጣህ፤ የሚረዳህ ጎረቤት ይስጥህ!" አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ አፍ "አሚን!" አለ። ዱዓ ለፊልም ሰው ይደርሳል? እኔ ያልተማርኩት ምን አውቄ!

ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ሀያት ጆሮዋን ይዛ፣ "አሚን፣ አሚን፣ አሚን" ማለቷን ቀጠለች።

ዘውዴ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "አብሽሪ የሀያት እናት፣ እባክሽ ቤት አስገቢያት፤ ምስኪኑን በቅጡ እንዳናይ አደረገችን" አለችኝ። ሼሁም አንገታቸውን ደፉ።

ይዣት ወጣሁ። እስከ ደጃችን ድረስ፣ "የሚረዳህ ጎረቤት ይስጥህ፣ የሚረዳህ ጎረቤት ይስጥህ" ትላለች። አሁን አሚን ባይዋ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም ሰው እንዳይሰማኝ በሹክሹክታ።