የቡዓዛ ባዝራና የቆርቆሮው ባልዲ

ይቅርታ ጠይቄ ልጀምር። መጻፍ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም፤ ስሜን ስጽፍ እንኳ ፊደል እገድፋለሁ። ግን ጅላሊ ይህን ነገር በየገበያው በራሱ መንገድ ያወራዋል፣ ቡዓዛ ደግሞ ዝም ብሏል፤ ዝም ያለ ሰው እውነቱ ተቀብራ ትቀራለች ብዬ ነው። የጎደለውን ፊደል እናንተ ሙሉበት።

ቡዓዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ አንዴ ከገባው ግን አይወጣም። ጅላሊ ጎረቤቱ ነው፤ በዕድሜ አባቱ ይሆናል። የማያውቀው ነገር የለም፤ ባይጠይቁትም ይመልሳል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አጨዳው ያለቀበት ማሳ ዳር፣ ከቡዓዛ ግራጫ ባዝራ ፊት ቆመው በአንድ ባልዲ ውሃ ይጨቃጨቁ ነበር።

ጅላሊ፦ አስቀምጠው ብዬሃለሁ። ገብሱ ይቅደም።

ቡዓዛ፦ አባቴ ውሃው ይቅደም ይል ነበር።

ጅላሊ፦ አባትህ፣ አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር። ደግነትና ዕውቀት ግን አንድ ችካል ላይ አይታሰሩም። አንተ ኩስኩስህን ልትበላ ስትቀርብ መጀመሪያ ሆድህን በውሃ ትሞላለህ?

ቡዓዛ፦ [አሰበ] ኩስኩስ የምንበላው ዓርብ ዓርብ ነው።

ጅላሊ፦ እና?

ቡዓዛ፦ ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጅላሊ፦ [ወደ ሰማይ አይቶ] ያ ረቢ፣ ባዝራዋን ከዚህ ሰው ጋር ለምን አቆራኘሃት?

ቡዓዛ፦ ገብሱን በልታ ውሃ ከደረበችበት ሆዷ ውስጥ ያብጣል። ቁርጠት ይይዛታል። አባቴ ያለው ይሄን ነው።

ጅላሊ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ከፈረሰኞቹ ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ይህች ሃያ ሁለት ዓመት ከመጣች ቡዓዛ ይሸነፋል። ባልዲውን ከነውሃው መሬት ላይ አስቀመጠው። ባዝራዋ ባልዲውን አየች፣ ጅላሊን አየች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች።

ነገሩ የውሃ ብቻ አልነበረም። የቡዓዛ አባት በመንደሩ የባሩድ ጨዋታ ከግራ ሦስተኛ ነበር። አሥራ አምስት ፈረሰኛ አንድ ረድፍ ሆኖ በአለቃው ጥሪ ሽምጥ ይጋልባል፤ ከዳኞቹ ድንኳን ፊት ሲደርስ አሥራ አምስቱም ጠብመንጃ እንደ አንድ ጮሆ ፈረሶቹ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። አባትየው ሲሞት ቦታውም ባዝራዋም ለቡዓዛ ሆኑ። ባለፈው ዓመት በዓል ላይ ግን ተኩሱ ሲመጣ ቡዓዛ ዓይኑን ጨፈነ። ባዝራዋ እንደ ወጓ ቀጥ አለች፤ እሱ አልቆመም። በጆሮዎቿ መሃል አልፎ ከዳኞቹ የሻይ ትሪ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ «ከፈረሱ ቀድሞ የደረሰው» ይለዋል። ዓመቱን ሙሉ አልተቀመጠባትም፤ እንደ ላም እየሳበ ውሃ ያጠጣታል፣ ይቦርሻታል፣ ኮቴዋን ይጠርጋል። አለቃው ሲ ለከቢር ደግሞ፣ «ሲ» በእኛ ዘንድ እንደ አቶ ነው፣ ቁርጡን ነግሮታል፤ ነገ ጠዋት ለሙከራ ሲሰለፉ ከግራ ሦስተኛው ላይ ቡዓዛ ከሌለ፣ ቦታው ለወይራ መጭመቂያው ባለቤት ልጅ ይሰጣል። እና ያ ልጅ፣ ቡዓዛ ይህን ያውቃል፣ ልጓም ሲስብ የፈረስ አፍ ያደማል።

ለዚህ ነው ጅላሊን አስተምሩኝ ብሎ የጠራው። ለመጥራቱ እንኳ ሦስት ቀን ወስዶበታል።

ቡዓዛ፦ ሲ ጅላሊ፣ እርስዎ ከሰልፉ ስንተኛ ነበሩ?

ጅላሊ፦ ከኋላ ነበርኩ። ሁሉን የሚያይ ከኋላ ያለ ነው። አሁን ዝም በልና ተመልከት። [ባዝራዋን ዞራት] ይኸው፣ የኋላ ቀኝ እግሯን አንሥታለች። አንካሳ ናት።

ቡዓዛ፦ እያሳረፈችው ነው።

ጅላሊ፦ የወይራ ዘይት በጨው ተደርጎ ይታሽላት።

[ባዝራዋ እግር ቀየረች።]

ጅላሊ፦ ይባስ። ወደ ግራው ተዛወረባት።

ቡዓዛ፦ የፊቱን ብታነሣ ኖሮ እኔም እሰጋ ነበር። የኋላውን ሁሉም ፈረስ ያሳርፋል።

ጅላሊ ይህን አልሰማም፤ ኮርቻውን እየጫነ ነበር። የሆድ ጠፍሩን አንድ ጊዜ በኃይል ሳበና ዘለበቱን ቆለፈው። ቡዓዛ ጥቂት እንዲጠብቅ ለመነው፤ ይህች ባዝራ ጠፍር ስታይ ሆዷን በአየር ትነፋለች፣ ትንሽ ወስደዋት ሲመለሱ ትተነፍሳለች፣ ጠፍሩ ያኔ እንደገና ይጠብቃል። ጅላሊ ባዝራ ተንኮል አታውቅም፣ ተንኮል የሰው ነው አለ። ነገሩ ጥሩ አባባል ስለመሰለው ደገመው።

ከዚያ ተራው የቡዓዛ ሆነ። እግሩን እርካብ ውስጥ አስገባ። እዚያው ቆየ። አወጣው። ደግሞ አስገባ። በሦስተኛው ባዝራዋ ዞር ብላ እጅጌውን አሸተተች፣ ምን ሆነሃል የምትል ይመስላል። ቡዓዛን የዳኞቹ የሻይ ብርጭቆዎች እንደ ዓምናው ሲሰበሩ ይሰማው ነበር።

ጅላሊ፦ ፈረስ ፍርሃትን ይሸታል፣ ሰማህ? መተንፈስ። ወደ ታች አለማየት፣ ፊት ለፊት ማየት። ተረከዝ ወደ ታች። ይሄ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቡዓዛ፦ ልክ ነው የሚሉት። ጉልበቴ ግን አልሰማም።

ጅላሊ፦ ዞር በል። እኔን እይ።

[ከድንጋይ ላይ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ሙከራ ነው። በሆዱ ተጋድሞ ጥቂት ከቆየ በኋላ ተቀመጠ።]

ባዝራዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጅላሊ እዚያ ላይ ሆኖ ማሳውን አየ፣ የበለስ ቁልቋሉን አጥር አየ፣ ከአጥሩ ማዶ የመስጊዱን ጫፍ አየ። አለመውደቁ ልቡን አሳበጠው። ከዘራውን እንደ ጠብመንጃ ከፍ አደረገና ስለ ሲ ለከቢር ማብራራት ጀመረ፤ ሰውየው ሲጣራ ድምፁ ከእምብርቱ እንደሚነሣ፣ የዛሬ ፈረሰኛ ግን እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንደሌለው።

ቡዓዛ አንድ ነገር ሊገባው ጀመረ። እየመጣ ነበር፤ ግን እንደ ሁልጊዜው በእግሩ ነው የሚመጣው።

ቡዓዛ፦ ሲ ጅላሊ፣ ያንን ጥሪ እሷ ላይ ሆነው እንዳይ...

ጅላሊ፦ እንዲህ ነው የሚባለው። «እነሆ ፈረሶቹ!»

[በቦታው የቀረው አቧራ ብቻ ነበር።]

ሶምሶማ የለ፣ ደንገላሳ የለ። ባዝራዋ አሥር ዓመት የሰለጠነችበትን ሠራች፤ ጥሪውን ሰማች፣ ጋለበች። ጅላሊ ልጓሙን ለቆ ጋማዋን አቅፏል። ያልተደገመው ጠፍር ላላ፣ ኮርቻው ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ፣ ጅላሊም አብሮት። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ጅላሊ ፈረስ ጎን ላይ የተሰቀለ ጆንያ ይመስላል። ከማሳው ጫፍ ቁልቋሉ አለ፤ ከቁልቋሉ ወዲያ የጠጠር መንገድና መኪና አለ።

ያኔ የቡዓዛ ሐሳብ ደረሰ። ይህች ባዝራ ልጓም አያቆማትም፤ የሚያቆማት ተኩስ ነው። ጠብመንጃዎቹ ደግሞ ሲ ለከቢር ቤት ተቆልፈዋል። ባልዲውን አየ። ውሃውን ደፋ፣ ገለበጠው፣ የችካል መምቻውን መዶሻ አንሥቶ በሙሉ ክንዱ አሳረፈበት። የቆርቆሮው ጩኸት ማሳውን አቋርጦ ሄደ።

ባዝራዋ ቀጥ አለች።

ጅላሊ አልቆመም።

ቡዓዛ ሮጦ ሲደርስ ሽማግሌው በደረቱ ተኝቶ ቁልቋሉን እየረገመ ነው። አጥንቱ ደህና ነበር። ችግሩ ከወገቡ በታች፣ ከጉልበቱ በላይ ነው፤ በዓይን የማይታይ ደቃቅ እሾህ እንደ ፀጉር በቅሎበታል።

ጅላሊ፦ አትንካኝ። ቤት ሂድና ወረንጦ ከሚስቴ ከፋጥና ተቀበል። የወደቅሁት ምን ላይ እንደሆነ እንዳትነግራት።

ቡዓዛ፦ ሚስትዎ ለምን ብትለኝስ?

ጅላሊ፦ የፈረስ ነው በላት። ፍጠን። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሊያልቅ ነው፤ ሰዉ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው።

ቡዓዛ ነገር ሲሰጡት አንድ ነገር ነው የሚይዘው። ያን ጊዜ የያዘው ወረንጦውን ነበር። ኮርቻውን አቃና፤ ጠፍሩን ሳበ፣ አሥር እርምጃ ወሰዳት፣ ስትተነፍስ ደግሞ ሳበ። ሄደ። ፋጥና ምን ሆናችሁ አለችው፤ የፈረስ ነው አላት። ሶላቱ ሳያልቅ ተመለሰ።

ጅላሊ፦ ቤቴ እኮ ከወይራ መጭመቂያው ወዲያ ነው። በምን ደረስክ?

ቡዓዛ፦ በእሷ።

[ወደ ታች አየ። እርካቦቹ ውስጥ ያሉት እግሮች የራሱ ነበሩ።]

ቡዓዛ፦ ሲ ጅላሊ። ላይ ነኝ።

ጅላሊ፦ አይቻለሁ። ወረንጦውን ወርውርልኝ።

ቡዓዛ ወረወረለት፤ ግን አልወረደም። ከወረደ ጉልበቱ ያስታውሳል ብሎ ፈርቶ ነው። ባዝራዋን በዝግታ ወዲያና ወዲህ እያስኬደ፣ ተረከዙን ወደ ታች አድርጎ ፊት ለፊት እያየ ቆየ። ጅላሊ በዚህ መሃል ስምምነት ያቀርብለት ነበር። ዛሬ የሆነውን ማንም አይስማ፤ ቡዓዛ ያስተማረኝ ጅላሊ ነው ይበል፣ ጅላሊም በበኩሉ ቡዓዛ አንበሳ ነው ይላል። ሁለቱም ያተርፋሉ።

ቡዓዛ፦ ስንተኛ ነበርኩ ነው ያሉኝ?

ጅላሊ፦ ከኋላ አልኩህ እኮ።

ቡዓዛ፦ [ባዝራዋን አቆመ] ሰልፉ አንድ ረድፍ ነው። ኋላ የለውም።

[ጅላሊ አንድ እሾህ ነቀለ። ሌላ ነቀለ።]

ጅላሊ፦ በበቅሎ ነበርኩ። ድንኳኑንና የሻይ ዕቃውን የምጭነው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ብርጭቆ አልተሰበረችብኝም፤ አንተ እስክትመጣ።

ቡዓዛ፦ ፈረስ ላይስ ወጥተው ያውቃሉ?

ጅላሊ፦ ዛሬ።

ከመስጊዱ የሚወጡት ሰዎች ድምፅ ቀረበ። ጅላሊ ለመቀመጥ ሞከረ፣ ተወው፣ ተነሥቶ ቆመ። ዓይኑ ቡዓዛ ላይ ነበር። እንዲህ የሚለምን ዓይን ቡዓዛ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ የራሱ ዓይን እንዲህ ይመስል እንደነበር የገባው ያኔ ነው፤ ያውም ሳይዘገይ።

ቡዓዛ፦ አይስጉ፣ ሲ ጅላሊ። የጠየቀኝ ካለ፣ መውጣቱን አባቴ አስተማረኝ፣ መውረዱን ሲ ጅላሊ አሳዩኝ እላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቡዓዛ ከፀሐይ በፊት ተነሣ። ለባዝራዋ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ገብስ ሰጣት። ኮቴዎቿን ጠረገ፣ ጠፍሩን ሁለት ጊዜ አጠበቀ፣ ከድንጋዩ ላይ ወጣባት። ማሳው ላይ ሰዉ ተሰብስቧል፤ ሁሉም ተቀምጧል፣ ጅላሊ ብቻ ቆሟል፣ በበረገገ ፈረስ ላይ ምን ማድረግ እንደሚገባም ያስረዳል። በሙከራ ቀን ባሩድ አይተኮስም፤ ለበዓሉ ይቆጠባል። ሌሎቹ ፈረሶች በልጓም ይቆማሉ፤ ይህች አትቆምም። ቡዓዛ ይህን ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ ነበር። ወደ ጅላሊ ተጠጋና ከኮርቻው ላይ የተጨረማመተውን ባልዲና መዶሻውን አቀበለው። ከማሳው ጫፍ እንዲቆምለት ለመነው። ሌላ ምንም አላለም፤ ጅላሊም ወሬውን መሃል ላይ አቋርጦ እያነከሰ ሄደ።

ሲ ለከቢር ተጣራ። ቡዓዛ ከግራ ሦስተኛ ነበር። ዓይኑን አልጨፈነም፤ ፊት ለፊት የሚያየው ነገር ነበረው፤ መዶሻውን በሁለት እጁ ያነሣ፣ ከንፈሩን የነከሰ፣ በሃያ ሦስተኛው ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰልፉ ፊት የቆመ አንድ ሽማግሌ።

ጅላሊ ባልዲውን መታው። ልክ በሰዓቱ።