የእትዬ ጥላ ንግሥት

አንድ «ብዬ ነበር» ባይ ያልተመደበለት መሥሪያ ቤት የለም። ብርጭቆ ሲሰበር፣ አለቃ ሲሻር፣ ጎረቤት ሲፋታ ከተፍ ብሎ «መች አጣሁት!» የሚል ሰው። የዚህ ማዋለጃ ክፍል ዕድል ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የደረሱለት እትዬ ጥላ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ነገሩ ከሆነ በኋላ ብቻ ሳይሆን ገና ሳይሆንም ያውቃሉ።

ክብርት እትዬ ጥላ አንጋፋ አዋላጅ ሲሆኑ፣ ቅጽል ስማቸውን ያተረፉት ከመጽሐፍ ነው። ሽፋናቸው ጥቁር፣ ውፍረታቸው ጡብ የሚያክል፣ በየምዕራፉ ሰው የሚታረድባቸው ተከታታይ ልብ ወለዶች አሏቸው። በዚያ በመጽሐፉ አገር ፀሐይ ልትጠፋ ተቃርባለች፤ የሰው ጥላም ከሰውየው አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። ማንን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚከዳ፣ በማን እጅ እንደሚሞት የሚያውቀው ጥላው ነው። የሰውየው ሥራ ተከትሎ መድረስ ብቻ ነው። አንዲት ንግሥት «እምቢ፣ ጥላዬን አልከተልም!» ብላ ቢላዋ መዘዘች፤ የታሪኩ ጣጣ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አንብቦ ያስቀምጠዋል። እትዬ ጥላ እንደ ሕገ መንግሥት አጸደቁት። አውቶቡስ ሲያመልጣቸው «ጥላዬ መች ተሳፈረና!» ይላሉ። ሻያቸው ሲደፋ «ሊደፋ ነው የተቀዳው» ይላሉ። አዲስ የገባችው የጽዳት ሠራተኛ አንድ ቀን በር ላይ ብታገኛቸው «ልጄ፣ ጥላዬ ቀድሞኝ ወጥቷል» አሏት። ዝናቡ ያወርደዋል። ምስኪኗ ጃንጥላቸው የጠፋባቸው መስሏት ግቢውን በሩጫ አቋርጣ ከጥበቃው ተውሳ አመጣችላቸው። እትዬ ጥላ በታላቅ ግርማ ተቀብለው ዘረጉትና «ይኼም ተጽፎ ነበር» ብለው ሄዱ።

ይህን ፍልስፍና አምርራ የምትቃወም አንዲት ባልደረባ አለቻቸው። ከሙግቷ ብዛት የተነሳ ክፍሉ «ጠበቃ» ይላታል። ጠበቃ ቤተሰቦቿ የመረጡላትን ባል ትታ፣ የመረጡላትን ትምህርት ትታ፣ አሻፈረኝ ብላ አዋላጅ የሆነች ሴት ናት። «እኔን ማንም አልጻፈኝም» ትላለች። እትዬ ጥላ ታዲያ ፈገግ ብለው «አሻፈረኝ እንድትዪ ጥላሽ ቀድሞ አሻፈረኝ ብሏል» ይሏታል። ደሟ ይፈላል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይረታል? በገዛ መሣሪያቸው ልትገጥማቸው ቆርጣ መጻሕፍቱን እየተዋሰች ታነብ ጀመር። የመጨረሻውን ቅጽ «ይቆይሽ፣ ይቆይሽ» እያሉ ስላላዋሷት ራሷ ገዛችው። አንብባ እንደጨረሰች ክርክሯን ስላ ሥራ ገባች።

የዚያን ዕለት ግን ለክርክር ፋታ አልተገኘም። አንዲት አስተማሪ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ አረፈደች፤ ሕፃኑ ሲወጣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እትዬ ጥላ ፈትተው ተቀበሉት። አላለቀሰም። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እጅና እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ላይ ስለነበር ሰው ተላከበት።

«ለምንድነው የማያለቅሰው?» አለች እናትየው።

እትዬ ጥላ ሕፃኑን ማሞቂያው ሥር አጋድመው ጀርባውን አሹት፤ አፍና አፍንጫውን ጠረጉ፤ ትንሿን ጭምብል ፊቱ ላይ ገጥመው አየር የሚሰጠውን ፊኛ መጭመቅ ጀመሩ። ጠበቃ በማዳመጫዋ ልቡን ትከታተላለች።

«አለ?»

«አለ። ግን በጣም ቀርፋፋ ነው።»

አንገቱን አቃንተው፣ ጭምብሉን እንደገና ገጥመው ጨመቁ። «አሁንስ?»

«እየደከመ ነው፣ እትዬ።»

በጆሮዋ የሚመጣው ድምፅ እየራቀ የሚሄድ ሰው ኮቴ መሰላት። ያን ጊዜ የፈቃድና የምርጫ ተሟጋቿ ጠበቃ ማዳመጫዋን ከደረቱ አነሳች።

«እትዬ… እንግዲህ ካላለለት ምን ይደረጋል?»

እትዬ ጥላ ቀና ብለው አዩዋት። «ማነው ያላለለት?» አሉ። «ንገሪኛ! ማነው ያላለለት? ልቡን ስሚ!»

ጠበቃ ይህን ፊት አይታው አታውቅም። እኚያ ለፈሰሰ ሻይ እንኳ የማይከራከሩ ሴት፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ አንድ የማይታይ ነገር ደጃፍ ላይ ቆመው «አታልፍም!» የሚሉ ይመስሉ ነበር። አንድ ጊዜም አልቸኮሉም፣ አንድ ጊዜም አላቆሙም። ጠበቃ ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው እጅ ሌላ ሁሉ ነገር የቆመ መሰላት።

ሕፃኑ ስቅ አለ። ደረቱ ከፍ አለ፤ ደገመ። ከዚያ የድመት ግልገል የመሰለች ቀጭን ለቅሶ ወጣች፤ ከደረቱ ጀምሮ ወደ ጣቶቹ ቀላ። እናትየው ከልጇ ብሳ አለቀሰች።

በኋላ ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ሲታጠቡ ጠበቃ አላስቻላትም።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ እትዬ። ሊኖር ተጽፎለት ከነበረ ያ ሁሉ ላብ ለምን አስፈለገ? ሊሞት ተጽፎ ከነበረስ?»

«እኔ እንጃ» አሉ። ሳሙናውን እንደገና አነሱ። «እጄን ማን ጠይቆት!»

«ንግሥቲቱስ? በመጨረሻው ቅጽ ላይ እኮ…»

«ዝም በይ!» ብለው በሳሙና እጃቸው ሁለት ጆሮአቸውን ደፈኑ። «አላነበብኩትም!»

«እርስዎ? ገና እንደወጣ ገዝተውት አልነበር?»

«ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ አንሶላ ሥር ነው።» እጃቸውን ቀስ ብለው ከጆሮአቸው አወረዱ። «ነገሩ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ይገባኛል፤ ሞኝ አይደለሁም። ከከፈትኩት ያልቅላታል ብዬ ፈራሁ። ካልከፈትኩት ግን ይኸው ቢላዋዋን እንደያዘች ቆማለች።»

ጠበቃ የንግሥቲቱን መጨረሻ ታውቃለች። ያን ሁሉ ክርክር በአንድ ቃል መቋጨት ትችል ነበር። ፎጣውን አነሳችና በአሮጊቷ ጆሮ ላይ የቀረውን አረፋ በቀስታ ጠረገችላቸው።

«እኔም አልጨረስኩትም» አለች።

እትዬ ጥላ በረጅሙ ተነፈሱ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ምን ያስቸኩልሻል?» አሉና የሕፃኑን አተነፋፈስ ሊያዩ ወጡ።