ለቅሶ የማያመልጣቸው ሙሴ ስታማቲ

በየሰፈሩ ለቅሶ የማያመልጠው አንድ ሰው አለ። አይታጣም። ሟቹ ገና እያጣጣረ ሳለ እሱ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ቆሟል። በሽተኛው ድንገት ተሽሎት ቢነሳ አፉ "ተመስገን" ይላል፣ ፊቱ ግን ከድግስ ቤት በር ሳይበላ የመለሱት ሰው ፊት ነው። ሟቹ ምንህ ነው ብትሉት "ዘመድ ያልሆነ ማን አለ" ብሎ እናንተኑ ያሳፍራችኋል። እናንተም ሰፈር አለ፤ ይህን ስታነቡ ስሙ መጥቶባችኋል።

የኛ የጎንደር አራዳው ግን ከሁሉም ይለያል። የኛው ፈረንጅ ነው።

ክቡር ሙሴ ስታማቲ (ሙሴ የፈረንጅ አቶ ማለት ነው) ግሪክ ናቸው፤ ዳቦ ይጋግራሉ። ጎንደር የገቡት ከጣልያን በፊት ስለሆነ፣ ጣልያን የመጣ ለት ከኛው ጋር መንገድ ዳር ቆመው "እነዚህ ፈረንጆች ደግሞ ከየት መጡብን" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ከዳቦ ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ልብስ እሰፋለሁ። ድሮ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። የመምህሬን አስነጣጠስ ለጓደኞቼ ሳሳይ መምህሬ ከኋላዬ ቆመው ኖሮ፣ ትምህርቴ በዚያው አለቀ።

ሙሴ ሲያለቅሱ ማየት ነው። ዱቄት እንደለበሱ ከምድጃው ይነሳሉ፣ "የማን ነው? ጋቢዬን ላምጣ" ይላሉ፣ መልሱን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ እንባው ከዱቄቱ ይለወስና ጉንጫቸው ላይ ሊጥ ይሆናል። ሴቶቹ እሳቸውን እያዩ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጎሰጉሳሉ፤ ከሩቅ ላየው ሰው ግን ሐዘኑ የጠናባቸው ይመስላል። ስለዚህ ሙሴ ያሉበት ለቅሶ ሁልጊዜ ሸጋ ለቅሶ ነው ይባላል።

ማልቀሱ ብቻ ቢሆን ደህና። ያርማሉ። ደረቱን የሚደቃውን ሰው "ቀስ፣ ቀስ፣ ሬሳው ገና አልወጣም፣ ጉልበትህን ቆጥብ" ይሉታል። አልቃሿ የሟቹን አገር ከተሳሳተች ከሕዝቡ መሀል "የአዘዞ ሰው አይደለም፣ የጠዳ ነው" ብለው ያቃናሉ። አንድ ጊዜ አዘዞ ላይ ጩኸት ሰምተው እያለቀሱ ዘው ቢሉ ሠርግ ሆኖ ተገኘ፤ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ከእናቷ ጋር ተቃቅፋ እያነባች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይመለሳል። ሙሴ ግን ከሁለቱ መሀል ገብተው እስከ ምሳ አለቀሱ። እናትየዋ እስከ ዛሬ "ለልጄ እንደሳቸው ያዘነ የለም" ትላለች።

ጣልያኖቹ ይህ ነገር አልጣማቸውም። ነጭ ከአበሻ ጋር ትቢያ ላይ ቁጭ ብሎ አያለቅስም። አንድ ካራቢኜሪ፣ የጣልያን ፖሊስ፣ መጥቶ "ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብህ?" አላቸው።

"ዘመዴ።"

"በዚህ ሳምንት ስንት ዘመድ ሞተብህ?"

"አራት። ክፉ ሳምንት ነው" አሉት፣ እጁንም ያዙና አጽናኑት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ቆቡን አውልቆ ሄደ።

እኔ ይህን ሁሉ ማታ ማታ እያስመሰልኩ ሰፈሩን አስቃለሁ። ሙሴ ራሳቸው መጥተው ያያሉ። "ሸጋ ነው ዳኜ፤ ግን መጨረሻ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ እኮ" ይሉኛል፣ ዝቅ አድርገውም ያሳዩኛል። አንድ ቀን "ምነው ሙሴ፣ እግርዎ እስኪያብጥ ለማያውቁት ሰው?" አልኳቸው። ሊጡን እየደቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ "እኔ እዚህ አንድ ዘመድ የለኝም። የኔ ለት ደግሞ ሰው መምጣት አለበት" አሉኝ። እኔም ሳቅኩ።

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ፣ ኒቆላ የሚባል ግሪክ ሾፌር ማኪናውን ከአስመራ ነድቶ መጣና በር ተሳስቶ እኔ ጋ ገባ። እትዬ ሸዋአየሁ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ነበር። እትዬ ሸዋአየሁ ማለት ከአራዳ እስከ ጠዳ የሷን አፍ ሳያገኝ የተቀበረ ሰው ተቀበረ የማይባልላት አልቃሽ ናት።

"ስታማቲ ጎረቤት ነው? እናቱ ሞታለች፤ ደብዳቤ አስመራ መጣ" አለ ኒቆላ በተሰባበረ አማርኛ። "ነግሬው፣ ዳቦ ገዝቼ እሄዳለሁ።"

እትዬ ሸዋአየሁ በሩን በጀርባዋ ዘጋች። "ምን ልትለው ነው? ቆሞ? ከምሳ በኋላ? ዳቦ እየመዘነ?"

"እንዴ፣ እውነት ነው እኮ።"

"እውነት መሆኑማ ነው የሚከፋው። እናት የሞተችበትን ሰው በጠራራ ፀሐይ እንደ እንግዳ ዕቃ በእጁ ታስይዘዋለህ? መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገር። ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ደግፎት። አርፈህ ማኪናህን ንዳ፤ ይህ የኛ ነው።"

ኒቆላ ዳቦውን ሳይገዛ ሄደ።

አለቃ ወልደኢየሱስ ተጠሩ፤ የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ለእሑድ ጎሕ ቆረጡ። ከዚያ ግን ሦስት ችግር መጣ። አንደኛው፣ ሙሴ ሞትን ከሩቅ የሚያሸቱ ሰው ናቸው፤ እስከ እሑድ እንዳይሰሙ የአራዳ አፍ በሙሉ መዘጋት ነበረበት። ሁለተኛው፣ ጣልያን በጎሕ የተሰበሰበ ሰው አይወድም። "ለኪዳን ጸሎት ነው የምንወጣው እንላለን፤ በመንገዳችን ቤተ ክርስቲያኑን እንሳለማለን፣ ውሸት አይሆንም" አሉ አለቃ። ሦስተኛው የእትዬ ሸዋአየሁ ነው።

"እኔ ስሟን የማላውቃትን ሴት በምን አለቅሳታለሁ? ምን ነበራት? ምን ትወድ ነበር? ዳኜ፣ አንተ ሂድና አውጣጣ።"

"ይጠረጥሩኛል።"

"አንተ ሁልጊዜ ሰው ላይ ለመሳቅ አይደል የምትጠይቅ? እንደ ወትሮህ ነዋ።"

ሄድኩ። የተቀደደ የዱቄት ጆንያ በመርፌ እየጠቀምኩላቸው፣ ነገር እንደሌለው ሰው፣ "ሙሴ፣ እናትዎ እንዴት ያሉ ሴት ናቸው?" አልኩ።

እጃቸው ሊጡ ላይ ቆመ። ነቁ ብዬ ደነገጥኩ። አልነቁም። ጎንደር ከገቡ ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ስሟ እሌኒ ነው። ደሴት ላይ ተወልዳ፣ ደሴት ላይ አርጅታ፣ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ አልገባችም፤ ውሃ ትፈራለች። የዳቦውን ጨው ከሷ በቀር ማንም አይነካም። ሁለት ፍየሎች አሏት፣ ሁለቱም ባለጌዎች፣ ከልጆቿ አስበልጣ የምትወዳቸው። ሙሴ በመርከብ የሄዱ ለት ወደብ አልወረደችም። ጣራዋ ላይ ወጥታ፣ መርከቡ ከዓይን እስኪጠፋ አንሶላ ስታውለበልብ ዋለች። "አሁንም ሰኞ ሰኞ መርከቡ ሲመጣ ጣራው ላይ ትወጣለች፤ ጎረቤት ይስቅባታል። ትስቁ እንደሆነ ሳቁ ትላለች" አሉኝና የአሳሳቋን ዓይነት አሳዩኝ። እኔ ያን ሳቅ ወዲያው ያዝኩት። ሁለታችንም በአንዲት አሮጊት ሳቅ ስንስቅ ዳቦ ሊገዛ የገባ ሰው ጥሎን ወጣ።

"ይኸን ፋሲካ ብሄድ እኮ ደግ ነው" አሉ ሙሴ። "መርከቡን አይታ እኔ ከውስጡ ብወጣስ?"

መርፌዋ ጣቴን ወጋችኝ። "ደግ ነው" አልኩ።

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልን አትጠይቁኝ። ሙሴ ሰው ሁሉ ዝም ሲላቸው ጊዜ "ምነው፣ የሞተ አለ እንዴ?" እያሉ በየበሩ ዞሩ። እኔ በሬን ቆልፌ ዋልኩ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ አለቃ ከፊት፣ እትዬ ሸዋአየሁ ከጎናቸው፣ እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን ከኋላ፣ ዝም ብለን ወደ ዳቦ ቤቱ አመራን። ሁላችንም የረሳነው አንድ ነገር ነበር። ዳቦ ጋጋሪ በጎሕ አይተኛም።

ሙሴ ከሩቅ አዩን። መርዶ ነጋሪ መሆናችንን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ያን አካሄድ ከኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ምድጃውን እንደነደደ ትተው ጋቢያቸውን ለበሱና ከሰልፉ ጭራ፣ ከኔ ጎን ገቡ።

"የማን ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ምን ልበል። ጋቢዬን እስከ አፌ ሳብኩ።

አለቃ ዞር ብለው አዩ። መርዶ የሚነገረው ሰው መርዶ ሊያረዳ አብሯቸው እየሄደ ነው። ይህን መጽሐፉም አይናገረው። ቢጨንቃቸው የዳቦ ቤቱን በር አልፈው ሄዱ። እኛም ተከተልን። እንዲህ እያልን አራዳን ዞርን፤ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምን፣ በዚያ ካራቢኜሪ አጠገብ አለፍን፣ እሱም ሙሴን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። በየበሩ ስናልፍ ቤተሰቡ እየደነገጠ ይወጣል፣ ስናልፈው ያማትባል። ሙሴ "መንገዱን የሚመራው ማን ነው? ሰው በከንቱ እያስደነገጠ ነው እኮ" ብለው አጉረመረሙ።

ጀንበሯ ብቅ ስትል አለቃ ሌላ መንገድ አለቀባቸው። ዞረን ተመልሰን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆምን። የሚያርር ዳቦ ይሸታል።

"ይህማ የኔ ቤት ነው" አሉ ሙሴ።

እትዬ ሸዋአየሁ ነጠላዋን ከራሷ ገፈፈች።

"የደሴቷ እመቤት እሌኒ ደጊቱ፣
አንድ ፍየሏ ጮኸች ከደጅ ከበረቱ።"

"ሁለት ናቸው ፍየሎቹ" አሉ ሙሴ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ከሕዝቡ መሀል።

ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ የማንንም ፊት ማስመሰል እችላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የማደርገው ፊት አጣሁ።

"መርከቡስ ይመጣል ሰኞ እየጠበቀ፣
ከጣራ የሚያየው ዓይኗ ነው ያለቀ።"

ለጎንደር ሁሉ ያለቀሱት ሰው ድምፅ አልወጣቸውም። በሩ ላይ ካለው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አለቃ በግራ ደገፏቸው፤ በቀኝ ዘመድ ይፈለጋል። አለቃ ዙሪያውን አዩና የኔን ክንድ ያዙ። "ሟቿን የሚያውቃት አንተ ነህ። ተቀመጥ" አሉኝ።

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሙሴ የቀበሩላቸው ሁሉ መጡ። ከአዘዞ ያቺ የሠርጓ እናት መጣች። የወለቃዎቹ ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች እንደ ሥርዓታቸው ሰው ሳይነኩ፣ ራቅ ብለው ቆመው አለቀሱ። ሰዉ የሙሴን እጅ ጨብጦ ሲጨርስ የኔን ይጨብጥና "እግዚአብሔር ያጥናህ" ይለኛል። መጀመሪያ ሳቄ ይመጣ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተወኝ።

በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ከጠዳ በእግራቸው መጡ። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። "ልጄ፣ ሟቿ ምንህ ናቸው?"

ወደ ሙሴ ዞርኩ።

"ታናሼ ነው፣ አያ" አሉ ሙሴ ከጎኔ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አልቅስ እንጂ ዳኜ፣ ሰው ያየናል" አሉኝ።

ሳይነግሩኝም ጀምሬ ነበር።