ቡሎን የሌለው ላፕቶፕ

አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚመሰገነው አሮጌው ነው። ልብ ብላችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። አሮጌው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰደብ ኖሮ፣ ተተኪው በር ላይ ብቅ ሲል ድንገት ጻድቅ ይሆናል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ያለው ሰውም ይህን የተናገረው አዲስ ዕቃ የተገዛ ዕለት ሳይሆን አይቀርም።

ወልድያ ለሚማረው ታላቅ ወንድሜ ለሰለሞን፣ አዲስ አበባ ያለው አጎታችን ላፕቶፕ ላከለት። ከድሮው ላፕቶፑ ጋር ስሙ አንድ ነው፤ መልኩ ግን እንደገና ተሠርቷል። ከሰለሞን ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። «አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ያንቺ ነው» ብሎኝ ነበራ! ስምንተኛን ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ፣ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት እትዬ አስካለ «ታይፕ ከለመድሽ ሥራ አለሽ» ብላኛለች። ያጣሁት መለማመጃውን ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሰለሞን ሁለቱንም ይዞ መጣና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አባቴ የመኪና መለዋወጫ ከመሸጡ በፊት መካኒክ ነበር። ሐራ ገበያ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞር ዞር ብሎ አያቸው፤ ከዚያ አዲሱን ገልብጦ ሆዱን ዳሰሰ።

«ቡሎኑ የታለ?»

«የለውም አባባ፣ ተጣብቆ ነው የተሠራው።»

«ሲበላሽስ?»

ሰለሞን ላፕቶፑን ከእጁ ወስዶ ቀና አድርጎ አስቀመጠው።

«ታዲያ ሲሞት ተዝካሩን ልናወጣ ነው?»

እናቴም ቀጠለች። «ኧረ ምን አግኝቷት ነው እንዲህ የከሳችው? የፊተኛዋ እኮ ደንደን ያለች ናት!»

ሰለሞን ተከራከረ። ክብደት የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ፀሐይ ላይ እንኳ ይነበባል አለ። ፍላሽ መሰኪያው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ቀነሰ። አዲሱ ያለው አንድ ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ የሰለሞን ትምህርት ሁሉ ያለው ደግሞ በፍላሽ ነው። የሚያገናኘውን ገመድ መርሳን ዞሮ አጥቷል።

አበቃ። ሲሞቅ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው፣ ግማሹ ፊደል ከላዩ የተፋቀው፣ ሰለሞን ራሱ በጥፊ ሲያነቃው የኖረው አሮጌው ላፕቶፕ በአንድ ቀን ተሾመ። በተመሰገነ ቁጥር ከእኔ ይርቃል። ሰው የእናንተን ተስፋ ሲያደንቅ ሰምታችሁ ከፍቷችሁ ያውቃል?

«አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ አባቴ።

«አዲሱን ይውሰድ» ልል ነበር። ዓይኖቻቸው ሁሉ እኔ ላይ ሲያርፉ ግን «አዲሱ... ያምራል» አልኩ።

«ያምራል እንጂ!» አለች እናቴ ፈጥና። «ታዲያ እንዲህ የሚያምር ነገር በባጃጅ ሲንገላታ ይክረም?»

ፍርዱ በእኔው ቃል ተሰጠ። አሮጌው ከሰለሞን ጋር ወልድያ ተመለሰ። አዲሱ ዳንቴል ለብሶ፣ ወርቅ ቅብ ብርጭቆዎች መሐል፣ ብፌ ውስጥ ገባ። ለደህና ቀን ነው ተባለ። እንግዳ መጥቶ «ይሠራል?» ሲል አባቴ ይቆጣል። «ምን ሆኖ ይሠራል? አዲስ ነው እኮ!»

ሰሞኑን እትዬ አስካለ መንገድ ላይ አግኝታኝ የታይፑን ነገር ጠየቀችኝ።

«አዲስ ላፕቶፕ ገብቶልናል» አልኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«እሰይ! እንግዲያማ ምን ቀረሽ?»

የቀረኝ የብፌው ቁልፍ ነው። እሱ ደግሞ እናቴ መቀነት ላይ ነው።