ከአንድ ወደ ስድሳ

የአገሪቱ ኢንዱስትሪ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንት እጥፍ እንዳደገ እንዲለካ የተቋቋመው ኮሚቴ ሥራውን በሰላም ጀመረ። ጣጣው የመጣው ሲለካ ነው። ድሮ በክር ፋብሪካው ብቻ ሦስት መቶ አርባ ሰው ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የአገሩ ፋብሪካ ሁሉ ተደምሮ ስድሳ ሰው አይሞላም፣ ከነዘበኞቹ ካልሆነ በቀር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን በትንሽ ነገር የሚደነግጥ ሰው አይደለም።

«ዛሬን ከፍ ማድረግ ካቃተን ድሮን ዝቅ እናድርገዋ!» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ድሮ እንደሆነ አቤቱታ አያስገባም።»

ሥራው በኮሚቴው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ላይ ወደቀ። የክር ፋብሪካው አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የለፉበት ቤት ነው። ነገር ግን ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ «እውነት ያበዛል» ተብሎ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል መወርወሩንም ታውቃለች። እያንገሸገሻት ፋብሪካውን ዜሮ አደረገችው። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።

«ለዜሮ ማካፈል አይቻልም፣ ጌታዬ» አለች።

«ማነው የከለከለው?»

«ሒሳብ።»

ሰብሳቢው የሒሳብ ተጠሪነት ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጠየቀ። ለማንም እንዳልሆነ ሲነገረው ከልቡ አዘነ።

«እንግዲያው አንድ ሰው ይኑር። አንድ ሰው ምን ያመጣል? ብቻ በሕይወት ያለ ይሁን፣ እንሸልመዋለን።»

እሷም ከሁሉም መጥፋት አባቴ እንኳ ይትረፉ ብላ የእሳቸውን ስም ሰጠች። ሦስት መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ደለዘች። አፍራለች፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።

እድገቱ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። በበዓሉ ቀን ሽማግሌው መድረክ ላይ ወጥተው «የዘመኑ ብቸኛ ሠራተኛ» የሚል ሜዳሊያ ተጠለቀላቸው።

«ለመሆኑ ብቻዎን እንዴት ቻሉት፣ አባባ?» አለ ሰብሳቢው በማይክሮፎን።

ሽማግሌው ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ሰብሳቢውን ትተው ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጠችው ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ እናትሽን ያገኘኋት እኮ እዚያው ፋብሪካ፣ ከጎኔ ባለው ማሽን ስትሠራ ነው። እኔ ብቻዬን ከነበርኩ አንቺ ከየት መጣሽ?»

ባለሙያዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰብሳቢው ግን ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«እሷማ እድገት ናት፣ አባባ! ከምንም ተነስታ እዚህ የደረሰች!»

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።