የጋራዡ ሊቀ ጸሎት

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይጸልይ እስክሪብቶ የማያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ስልክ ሊደውል ይጸልያል፣ ደረጃ ሊወርድ ይጸልያል፣ ሻይ ሊጠጣ ሲጸልይ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ለእኛ ጋራዥ ደግሞ የዚህ ዘር ቁንጮ ደርሶናል፤ ክቡር ሊቀ ጸሎት ዘጋራዥ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ሥር የተኙ መካኒክ ናቸው። መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ በኋላ መቆም ነው። ባለመኪናውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ መንገድ የሚሻገረውን እግረኛ ሳይቀር አዳርሰው ነው የሚመለሱት። አንድ የቸኮለ ነጋዴ ሰዓቱን እያየ፣ «አባቴ፣ ፍሬኑ ተሠርቷል ወይስ ተጸልዮለታል?» አላቸው።

«ፍሬኑን እኔ፣ መንገዱን እሱ» አሉና ቀጠሉ። ያን ቀን ለነጋዴው ትዕግሥት የሚለምን አንድ አንቀጽ ተጨመረ።

ከሳቂዎቹ ዋናው እኔ ነበርኩ። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር እኮ መካኒክ አይደለም» እላቸዋለሁ።

«አይደለም፤ አለቃ ነው» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የተማሪዎች ሚኒባስ መጣ። የኋላ ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጎማውን መልሼ ስገጥም ስልክ ተደወለልኝ፤ አንድ እጄን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ክሪኩን አወረድኩና ቁልፉን ለሾፌሩ ሰጠሁት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ጋሼ ግን መዳፋቸውን አሳርፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ባጭሩ ያድርጉት» አልኩ።

ከፊት ወንበር ጀምረው በየወንበሩ ለሚቀመጠው ልጅ እየለመኑ ነበር። የኋላው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«አጥፋው» አሉት ሾፌሩን።

ተንበርክከው የኋላውን ጎማ ቡሎን በጣታቸው ሞከሩት። ዞረ። አምስቱም በጣት ዞሩ።

ጋሼ መፍቻውን አንስተው ሰጡኝና ከጎኔ ቆመው እስካጠብቅ ጠበቁ። የጋራዡ ባለቤት ከቢሮው ብቅ ብሎ፣ «ለምንድን ነው ያቆማችሁት?» ሲል፣ «ጸሎት ረዝሞብኝ ነው» አሉት።

ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ «እግዚአብሔር ነገረዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለልጆቹ ስጸልይ፣ ያን ጎማ አይቼዋለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላየሁትም። እኔ እጄ ላይ ያለውን ሳላየው ለእሱ እንዴት አደራ እላለሁ?» ቱታቸውን አራገፉ። «ጸሎት ከሥራ የሚያሳርፍህ ከመሰለህ፣ ልጄ፣ ጸልየህ አታውቅም ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቱታዬን ስለብስ ሞከርኩት። ከየት እንደሚጀመር ስላላወቅሁ ከእናቴ ጀመርኩ።

ዛሬም ጋሼ ኮፈን ላይ መዳፋቸውን ባሳረፉ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛ መጠበቅ ሰልችቷት፣ «እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ማን ናቸው?» አለችኝ።

ወንበር አቀረብኩላትና ደረቴን ነፍቼ፣ «ያስተማሩኝ ሰው ናቸው» አልኳት።

«መካኒክነት?»

«እሱንም» አልኳት።